በነባር የቤት ግድግዳ ላይ አዲስ የውጭ ልባስና የሙቀት መከላከያ መጨመር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቤታቸውን ሳያፈርሱ ግድግዳውን ከውጭ በኩል ማልበስ የሚፈልጉ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሶቻቸው ከዚህ በታች ቀርበዋል።

በነባር ግድግዳ ላይ ልባስና መከላከያ መጨመር ሲባል በትክክል ምን ይሠራል?

ነባሩ ግድግዳ በቦታው እንዳለ ሆኖ በውጭ ገጹ ላይ ተጨማሪ ንጣፎች ይደረደራሉ። በተለመደው አሠራር መጀመሪያ የዝናብ ውሃ የማያሳልፍ ሽፋን ይለጠፋል፤ በላዩ የሙቀት መከላከያ ሰሌዳ ይገጠማል፤ ከዚያ መከላከያውን ደግፎ የሚይዝና አየር የሚተላለፍበት ክፍተት የሚፈጥር ቋሚ ጣውላ ይታሰራል፤ በመጨረሻም ዓይን የሚያየው ልባስ ይመጣል። ልባሱ ከእንጨት፣ ከቪኒል (ከፕላስቲክ ሰሌዳ)፣ ከፋይበር ሲሚንቶ (በክር ከተጠናከረ ቀጭን የሲሚንቶ ሰሌዳ) ወይም ከብረት ቆርቆሮ ሊሆን ይችላል። ለብሎኬት፣ ለጡብና ለኮንክሪት ግድግዳ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ፤ ይኸውም መከላከያ ሰሌዳውን በማጣበቂያና በፊሸር ከግድግዳው ጋር አያይዞ፣ በላዩ የመስታወት ክር መረብ የተቀበረበት ቀጭን ልስን መለሰን ነው።

ብዙ ሰው ይህን ሥራ ማሰብ የሚጀምረው ከልባሱ መልክና ከመከላከያው ውፍረት ነው። ሥራው ለብዙ ዓመት መጽናቱን ወይም በጥቂት ዓመታት ውስጥ መበስበሱን የሚወስነው ግን ውሃ ነው። ስለዚህ ዝናቡ እንዴት ወደ ውጭ እንደሚመለስ፣ አምልጦ የገባውም በየት በኩል እንደሚደርቅ ሳይታወቅ የመከላከያ ዓይነት ለመግዛት መቸኮል ተገቢ አይደለም። ከዚህ በታች ያሉት አብዛኞቹ መልሶች ዞረው ወደዚሁ ነጥብ የሚመለሱትም በዚህ ምክንያት ነው።

መከላከያውን ከውስጥ በኩል ማድረግ አይቀልም? ከውጭ ማድረጉ ምን ጥቅም አለው?

ከውስጥ መሥራት በዋጋ ሊቀል ይችላል፤ ነገር ግን የክፍሎቹን ስፋት ይቀንሳል፣ ቀለሙንና የኤሌክትሪክ መስመሩን ያስነካል፣ ነዋሪውንም ከቤት ያስወጣል። ከዚህ የሚበልጠው ምክንያት ግን ሌላ ነው። በእንጨት የተዋቀረ ግድግዳ በቋሚዎቹ መካከል ያለው ባዶ ቦታ በሙሉ በመከላከያ ቢሞላ እንኳ፣ ሙቀት በራሳቸው በቋሚዎቹ፣ በአግዳሚዎቹና በመስኮት ዙሪያ ባሉት እንጨቶች በኩል ማለፉን አይተውም። እነዚህ እንጨቶች ተደምረው ከግድግዳው ስፋት ሩብ ያህሉን ሊይዙ ይችላሉ፤ እንጨት ደግሞ ከጥሩ መከላከያ ከሦስት እጥፍ በላይ ሙቀት ያስተላልፋል። ቋሚዎቹ ብረት ከሆኑ ጉዳቱ እጅግ ይብሳል። ከውጭ የሚለብስ መከላከያ ግን ሁሉንም ሳይቆራረጥ ይሸፍናቸዋል።

ሁለተኛው ጥቅም ግድግዳው ራሱ ከመከላከያው ወዲህ፣ በቤቱ ውስጥ ባለው ሙቀት ክልል መቅረቱ ነው። እንጨቱ ከብርድና ከሙቀት መፈራረቅ ይጠበቃል፤ ከባድ የጡብ ወይም የድንጋይ ግድግዳ ደግሞ ሙቀትንም ቅዝቃዜንም አምቆ ስለሚይዝ የቤቱ አየር ቶሎ ቶሎ አይለዋወጥም። ይህ በብርድ አገር ብቻ ሳይሆን ቀኑ በሚያቃጥልበትና ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት ቦታም በግልጽ የሚታይ ጥቅም ነው።

አሮጌውን ልባስ ማንሳት ግዴታ ነው?

ግዴታ አይደለም። ነባሩ ልባስ ጠፍጣፋ፣ ደረቅና በሚገባ የታሰረ ከሆነ በላዩ መሥራት ይቻላል። አንዱ ሰሌዳ በሌላው ላይ ተደርቦ ደረጃ ደረጃ የሠራ ከሆነ ግን አዲሱ መከላከያ በጫፎቹ ላይ ብቻ ስለሚያርፍ ከጀርባው ባዶ ቦታ ይቀራል። በዚያ ባዶ ቦታ የውጭ አየር ከተዘዋወረ መከላከያው ከፊት ሆኖ የሚሠራው ሥራ ብዙ ዋጋ አይኖረውም። እንዲህ ያለው ልባስ መነሳት አለበት፤ ካልተነሳም ክፍተቱ በትክክል ተሞልቶ ገጹ መስተካከል ይኖርበታል።

ማንሳት ባያስፈልግ እንኳ መመርመር ግን አይቀሬ ነው። ከመስኮት ደፍ በታች፣ ጣሪያ ከግድግዳ ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ከውሃ ቧንቧ ዙሪያና ከመሬት በላይ ባለው የመጀመሪያ ሜትር ላይ እንጨቱን በካቻቪቴ ጫፍ ወጋ ወጋ አድርጎ ማየት ያስፈልጋል። ጫፉ ያለ ጉልበት የሚገባ ከሆነ እንጨቱ በስብሷል። አቅም ላለው ሰው የእኔ ምክር ቢያንስ በእነዚህ ቦታዎች ያለውን ልባስ አንስቶ ከሥሩ ያለውን መዋቅር በዓይኑ እንዲያይ ነው። የበሰበሰ ግድግዳን በአዲስ ልባስ መሸፈን ችግሩን እስከሚቀጥለው ትልቅ ወጪ ድረስ ከእይታ መሰወር ብቻ ነው።

ከመከላከያ ዓይነቶች የትኛው ይሻላል?

ለሁሉም ቤት የሚሆን አንድ መልስ የለም። ነጭ ፎም በመባል የሚታወቀው ፖሊስታይሪን ርካሽና ቀላል ነው። በፋብሪካ ተጨምቆ የሚወጣው ጠንካራው ዓይነት ውሃ እምብዛም ስለማይመጥ ለመሬት ቅርብ በሆነው የግድግዳ ክፍል ይመረጣል። ፖሊአይሶ የተባለው ሌላ የፎም ሰሌዳ በተመሳሳይ ውፍረት ከእነዚህ ሁሉ የበለጠ ሙቀት ይከላከላል፤ ነገር ግን በጣም ሲቀዘቅዝ አቅሙ በከፊል ይቀንሳል። ከድንጋይ የሚሠራው ሮክ ዎል ውሃውን ወደ ታች ያፈሳል፣ እንፋሎት ያሳልፋል፣ እሳትም አይዘውም። የእንጨት ጭረት ሰሌዳም እንፋሎት በማሳለፍ ይመሰገናል፤ ይሁን እንጂ ከረጅም ጊዜ እርጥበት መጠበቅ አለበት።

ሙቀት የማስተላለፍ መጠናቸው በቁጥር ሲነጻጸር ነጭ ፎምና ሮክ ዎል በሜትርና በዲግሪ ከ0.03 እስከ 0.04 ዋት፣ ፖሊአይሶ ደግሞ ከ0.022 እስከ 0.028 ዋት አካባቢ ናቸው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን መከላከያው ይሻላል። ልዩነቱ ግን ብዙ ሰው እንደሚያስበው ወሳኝ አይደለም፤ በሁለት ሴንቲ ሜትር ተጨማሪ ውፍረት የሚካካስበት ጊዜ ብዙ ነው። በውፍረት የማይካካሰው ግድግዳው እንፋሎቱን የሚያስወጣበት መንገድና መከላከያው እሳት ሲነካው የሚሆነው ነገር ነው። ስለዚህ ምርጫው በእነዚህ ሁለቱ ላይ ቢመሠረት ይሻላል።

ምን ያህል ውፍረት ይበቃል?

ትልቁን ለውጥ የሚያመጡት የመጀመሪያዎቹ ሴንቲ ሜትሮች ናቸው። ምንም መከላከያ የሌለው ግድግዳ በውስጥና በውጭ መካከል ላለው ለእያንዳንዱ 1 ዲግሪ ልዩነት በካሬ ሜትር 2 ዋት ያህል ያሳልፋል እንበል። 5 ሴንቲ ሜትር ነጭ ፎም ሲለብስ ይህ መጠን ወደ 0.53 ዋት ይወርዳል፤ 10 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ወደ 0.3፣ 15 ሲሆን ደግሞ ወደ 0.21 ይደርሳል። የመጀመሪያው 5 ሴንቲ ሜትር ከብክነቱ ወደ ሦስት አራተኛ የሚጠጋውን ሲያስቀር፣ ሦስተኛው 5 ሴንቲ ሜትር የሚያስቀረው ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው።

ይህ ማለት ቀጭኑን መምረጥ ሁልጊዜ ትክክል ነው ማለት አይደለም። የመወጣጫው፣ የሠራተኛውና የልባሱ ወጪ ለ5ም ለ10 ሴንቲ ሜትርም ያው ስለሆነ፣ አንዴ ከተጀመረ ትንሽ ማወፈሩ ብዙ አይጨምርም። በብርድ አገር ደግሞ ከእንፋሎት ጋር የተያያዘ፣ ከዚህ በታች የተብራራ ዝቅተኛ ገደብ አለ።

ከልባሱ ጀርባ ተጣጥፎ የሚሸጠው ቀጭን ፎም መከላከያ ሊባል ይችላል?

ስድስት ሚሊ ሜትር ገደማ የሚሆነው ቀጭን ፎም ገጹን ለማስተካከል ይጠቅማል፤ እንደ ሙቀት መከላከያ ግን የሚያመጣው ለውጥ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የሚያብረቀርቅ የአልሙኒየም ገጽም የሚሠራው ፊት ለፊቱ የአየር ክፍተት ሲኖር ብቻ ነው፤ ከሌላ ነገር ጋር ተጣብቆ ከተሸፈነ ማብረቅረቁ ምንም አይጠቅምም።

ልባሱ በወፍራም መከላከያ ላይ እንዴት ይታሰራል? ክብደቱስ ጎትቶ አያወርደውም?

ልባስ በፎም ላይ ብቻ አይቸነከርም። በመከላከያው ላይ፣ ልክ ከውስጥ ያሉት የግድግዳው ቋሚዎች ባሉበት ትይዩ፣ ከ2 እስከ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው ቋሚ ጣውላዎች ይደረጋሉ። ጣውላውንና መከላከያውን ዘልቆ ቋሚው ውስጥ ቢያንስ 4 ሴንቲ ሜትር በሚገባ ረጅም ቪቴ፣ በየ40 ሴንቲ ሜትሩ ገደማ ይታሰራሉ። ልባሱ የሚመታው በእነዚህ ጣውላዎች ላይ ነው። ቪቴው ቋሚውን ስቶ ባዶ ቦታ ላይ ከወደቀ ወጥቶ በትክክለኛው ቦታ እንደገና መመታት አለበት፤ ቀዳዳውም ይደፈናል።

ጣውላው መከላከያውን ተጭኖ ከግድግዳው ጋር ስለሚያጣብቀው ክብደቱን ቪቴው ብቻውን አይሸከምም፤ በዚህ ምክንያት እንደ ቪኒልና እንጨት ያሉት ቀላል ልባሶች አያሰጉም። በካሬ ሜትር ከ10 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝነው ፋይበር ሲሚንቶም በትክክል ከታሰረ ይቆማል፤ መከላከያው ሲወፍር ግን የቪቴው ዓይነትና ርቀት በስሌት መወሰን አለበት። የጡብ ልባስ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው፤ የራሱ መሠረት ወይም የብረት ደጋፊ ያስፈልገዋል እንጂ በመከላከያ ላይ አይንጠለጠልም።

ቪኒልን በተመለከተ አንድ ነገር ጠበቅ አድርጎ መናገር ያስፈልጋል። አራት ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው የቪኒል ሰሌዳ በብርድና በሙቀት መካከል ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ሊያጥርና ሊረዝም ስለሚችል ሚስማሩ በረጅሙ ቀዳዳ መሃል ተመትቶ፣ ሰሌዳው ወደ ግራና ቀኝ እንዲንሸራተት በጥቂቱ ላላ ብሎ መተው አለበት። ጥብቅ ተደርጎ የተቸነከረ ቪኒል በመጀመሪያው ብርቱ ፀሐይ ይንጋደዳል።

በልባሱና በመከላከያው መካከል ያለው ክፍተት ለምን ያስፈልጋል? ብርድ አያስገባም?

ማንኛውም ልባስ በነፋስ የሚገፋ ዝናብን ሙሉ በሙሉ አያስቀርም። ጥቂት ውሃ በመጋጠሚያዎቹ በኩል መግባቱ ስለማይቀር፣ የገባው ውሃ ወደ ታች የሚወርድበትና ልባሱም ከጀርባው የሚደርቅበት በቋሚ ጣውላው ውፍረት ልክ፣ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሆን ክፍተት ይተዋል። ክፍተቱ ከታች ክፍት ይሆናል፤ ከላይም አየር እንዲያስወጣ ይደረጋል፤ አፉ ላይ ነፍሳትና አይጥ እንዳይገቡ ወንፊት ይገጠማል። የልባሱ የታችኛው ጠርዝ ከመሬት ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት፤ አለበለዚያ የዝናብ ፍንጣሪ ያበሰብሰዋል፣ ምስጥም ከፎሙ ጀርባ ተሰውሮ ወደ እንጨቱ የሚወጣበት መንገድ ያገኛል።

ክፍተቱ የሚገኘው ከመከላከያው ውጭ ስለሆነ ብርድ አያስገባም። ብርድ የሚያስገባው በመከላከያ ሰሌዳዎች መካከል ያልተዘጋ መጋጠሚያ ነው። ስለዚህ ሰሌዳዎቹ በሁለት ንብርብር፣ የላይኛው መጋጠሚያ በታችኛው ላይ እንዳያርፍ ተዛንፈው ቢገጠሙና መጋጠሚያዎቹ በሚጣበቅ ቴፕ ቢታሸጉ መልካም ነው።

መስኮቶችና በሮች ምን ይሆናሉ?

አብዛኛው የውሃ ጉዳት የሚጀምረው እዚህ ስለሆነ ከሁሉም ቦታ ይልቅ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው። ግድግዳው በ10 ሴንቲ ሜትር ሲወፍር መስኮቱ በዚያው ልክ ወደ ውስጥ የገባ ይሆናል። ይህ በራሱ ጉዳት የለውም፤ ነገር ግን አዲሱ የመስኮት ደፍ እስከ ልባሱ ፊት ድረስ መርዘም፣ ወደ ውጭ ማዘንበልና ከግድግዳው ወጣ ብሎ ከሥሩ ውሃ ማንጠባጠቢያ መሰመር ሊኖረው ይገባል። በመስኮቱ አናት ላይ የሚገባው ላሜራም ከላይ ባለው ውሃ የማያሳልፍ ሽፋን ሥር ገብቶ፣ ከታች ባለው ላይ መውረድ አለበት። ደንቡ ቀላል ነው፤ ማንኛውም የላይኛው ንጣፍ በታችኛው ላይ ይደረባል እንጂ በተቃራኒው አይሆንም። አንድ ቦታ ላይ ተገልብጦ ከተደረበ ውሃው በቀጥታ ወደ ግድግዳው ይመራል፤ የቱንም ያህል ሲሊኮን ቢቀባበት ስህተቱን ለዘለቄታው አያርመውም።

መስኮቶቹ ያረጁ ከሆኑ ከልባሱ በፊት ወይም አብረው ቢቀየሩ ይመረጣል፤ በኋላ መቀየር አዲሱን ልባስ መክፈት ስለሚጠይቅ ወጪው ይጨምራል። የጣሪያው ጠርዝ አዲሱን ውፍረት የማይሸፍን ከሆነም ግድግዳው ከመነካቱ በፊት መርዘም አለበት። የጣሪያ ጠርዝ ተዳፋት ሆኖ ወርዶ በግድግዳ መሃል በሚያልቅበት ቦታ ደግሞ ውሃውን ከግድግዳው አርቆ ወደ አሸንዳው የሚወረውር የተጠማዘዘ ላሜራ ያስፈልጋል። ትንሽ ቁራጭ ናት፤ ስትቀር ግን ከሥሯ ያለው ግድግዳ ይበሰብሳል።

ቤቱ ከታሸገ በኋላ ግድግዳው ውስጥ እንፋሎት ተጠራቅሞ ሻጋታ አያመጣም?

ሊያመጣ ይችላል፤ በትክክል ከተሠራ ግን ውጤቱ የተገላቢጦሽ ነው። በብርድ ወቅት የቤቱ ሞቃትና እርጥብ አየር ወደ ግድግዳው ገብቶ ቀዝቃዛ ገጽ ሲያገኝ ወደ ውሃነት ይለወጣል። ከውጭ የለበሰው መከላከያ በቂ ውፍረት ካለው ይህን ገጽ ስለሚያሞቀው ውሃ አይፈጠርበትም። አደገኛው መሃል ላይ ያለው ሁኔታ ነው፤ ማለትም እንፋሎት የማያሳልፍ ፎም በቀጭኑ ሲለብስ ገጹን በበቂ አያሞቀውም፣ ወደ ውጭም እንዳይደርቅ ያግደዋል። በዚህ ምክንያት በቀዝቃዛ አገሮች እንዲህ ያለ ፎም ከተመረጠ ከግድግዳው ጠቅላላ የመከላከል አቅም እንደ ብርዱ መጠን ከሩብ እስከ ግማሽ የሚጠጋው ከውጭ በኩል እንዲሆን ይደረጋል። ሮክ ዎል ወይም የእንጨት ጭረት ሰሌዳ እንፋሎት ስለሚያሳልፉ እንዲህ ዓይነቱ ስህተት ቢፈጠር እንኳ ግድግዳው ወደ ውጭ እንዲደርቅ ዕድል ይሰጡታል።

ከውስጥ በኩል ቀድሞ የላስቲክ ሽፋን ያለው ግድግዳ ከውጭም በማያሳልፍ ፎም ከተሸፈነ እርጥበቱ በሁለት ግድብ መካከል ይቀራል፤ ይህ ጥምረት መወገድ አለበት። በሞቃትና እርጥብ አገር ደግሞ እንፋሎቱ የሚጓዘው ከውጭ ወደ ቀዘቀዘው ክፍል ስለሆነ ከውስጥ ያለው ላስቲክ ራሱ ችግር ይሆናል።

ሌላም ተያያዥ ነገር አለ። አሮጌው ቤት በየስንጥቁ ይተነፍስ ከነበረ አሁን ያ አየር ይቀራል። ስለዚህ በመታጠቢያ ቤትና በማብሰያ ቤት አየር ማውጫ መኖር አለበት፤ ነዳጅ፣ ጋዝ ወይም እንጨት የሚያነድ ምድጃ ወይም ማሞቂያ ካለም ጭሱና ካርቦን ሞኖክሳይዱ ወደ ውስጥ እንደማይመለስ በባለሙያ መረጋገጥ ይኖርበታል። ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው።

የጭቃ ወይም አሮጌ የድንጋይ ግድግዳ በዚህ መንገድ ሊለብስ ይችላል?

በጥንቃቄ። የጭቃ ግድግዳ፣ እንዲሁም በጭቃ ወይም በኖራ የተገነባ ድንጋይ፣ ከመሬትና ከአየር እርጥበት እየወሰደ መልሶ በገጹ በኩል ያስወጣል። በፎምና በሲሚንቶ ልስን ከታሸገ ያ እርጥበት መውጫ ስለሚያጣ የግድግዳው እግር ከውጭ ምንም ምልክት ሳያሳይ ይላቆጣል፤ ጉዳቱ የሚታወቀው ልስኑ በትልልቁ ሲገነጠል ነው። ለእንዲህ ያለ ግድግዳ የሚስማማው እንፋሎት የሚያሳልፍ መከላከያ ከኖራ ልስን ጋር፣ ወይም ከጀርባው አየር የሚዘዋወርበት ልባስ ነው።

ከዚያም በፊት የሚቀድም ሥራ አለ፤ ይኸውም የጣሪያውን ጠርዝ ማርዘም፣ አሸንዳውን መጠገንና በግድግዳው ዙሪያ ያለው መሬት ውሃውን ወደ ውጭ እንዲያፈስ ማድረግ ነው። ርጥብ ግድግዳ ሳይደርቅ ፈጽሞ መልበስ የለበትም።

ፎም እሳት አያባብስም?

ያባብሳል፤ ለዚህም ነው ያለ ሽፋን መተው የሌለበት። ፖሊስታይሪን በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ መለስለስ ይጀምራል፤ ሮክ ዎል ግን እስከ 1000 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት ይቋቋማል። ጁን 14 ቀን 2017 (እ.ኤ.አ.) ለንደን ውስጥ ግሬንፌል ታወር በተባለው የመኖሪያ ፎቅ በተነሳው እሳት 72 ሰዎች የሞቱት በነባር ሕንፃ ላይ በእድሳት የተጨመረው ልባስና መከላከያ እሳቱን በውጭ ግድግዳው በኩል ወደ ላይ ስላዛመተው ነው፤ ልባሱ መሃሉ ፖሊኤትሊን የተባለ የሚነድ ፕላስቲክ የሆነ የአልሙኒየም ሰሌዳ ነበር። በፎቅ ቤት ወይም ከጎረቤት ጋር በተጠጋጋ ቤት የማይነድ መከላከያ መምረጥ፣ ክፍተቱንም በየወለሉ እሳት በሚገታ ነገር መቁረጥ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ለቁጠባ ሲባል ደረጃ ዝቅ ማድረግ አይገባም።

አሮጌው ልባስ አስቤስቶስ ወይም እርሳስ ያለበት ቀለም ቢሆንስ?

ቆየት ባሉ ቤቶች ላይ ያለ ግራጫና ተሰባሪ የሲሚንቶ ሰሌዳ አስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባን የሚጎዳ የማዕድን ክር) ሊኖረው ስለሚችል ናሙናው በላቦራቶሪ ሳይመረመር መቆረጥ፣ መፋቅ ወይም መበሳት የለበትም። ሰሌዳው ካልተሰባበረ ሳይነኩት መሸፈን የሚቻልበት ሁኔታ አለ፤ ነገር ግን ረጅሞቹ ቪቴዎች ራሳቸው ሰሌዳውን ስለሚበሱት ሥራው ፈቃድ ባለው ባለሙያ መመራት አለበት። አሮጌ ቀለምም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ አይፈገፈግም። አዲሱ ፋይበር ሲሚንቶ አስቤስቶስ ባይኖረውም፣ ሲቆረጥ የሚወጣው የሲሊካ ብናኝ ሳንባን ይጎዳል፤ አቧራ በሚመጥ መጋዝ፣ በትክክለኛ ጭንብል፣ ከቤት ውጭ ይቆረጥ።

ሥራው ካለቀ በኋላ ውሃ ከልባሱ ጀርባ እየገባ መሆኑ በምን ይታወቃል?

በመስኮት ማዕዘን በኩል ከውስጥ የሚታይ የውሃ ምልክት ወይም የሚያብጥ ቀለም፣ ከዝናብ በኋላ የሚመጣ የሻጋታ ሽታ፣ ከልባሱ ሥር ለብዙ ቀን የማይደርቅ እርጥበትና በአንድ ቦታ ብቻ የሚነሳ ወይም የሚጎብጥ ሰሌዳ ዋነኞቹ ምልክቶች ናቸው። ከዝናብ በኋላ ከክፍተቱ የታችኛው አፍ ጥቂት ውሃ መንጠባጠቡ ግን ችግር አይደለም፤ ክፍተቱ የተሠራለትን ተግባር እየፈጸመ መሆኑን ያሳያል።

ብዙ ሰው ይህን ነጠብጣብ ሲያይ ደንግጦ የታችኛውን አፍ በሲሊኮን ይደፍነዋል፤ በዚህም ውሃው መውጫ አጥቶ በግድግዳው ውስጥ ይቀራል። አፉ ክፍት ሆኖ መቆየት አለበት፤ በአፈር፣ በቅጠል ወይም በሸረሪት ድር እንዳይዘጋም በየዓመቱ ከዝናብ ወቅት በፊት ይጸዳ። ምልክቱ በመስኮት አካባቢ ከሆነ ከመስኮቱ አናት በላይ ያሉትን ሁለት ወይም ሦስት ሰሌዳዎች አንስቶ ላሜራው በምን በኩል እንደተደረበ ማየት ነው የሚያዋጣው።